«ፍሪሲዮኑ አልቋል» ከማለታችሁ በፊት፦ ስለ ማንዋል ስፖርት መኪና ፍሪሲዮን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ማንዋል ስፖርት መኪና ማርሽ አልገባ ሲል፣ ሲነሳ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲንጫጫ ወይም ፔዳሉ ሲላላ ፍርዱ ያው አንድ ነው፦ «ፍሪሲዮኑ አልቋል»። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሸራው (የሞተሩን ጉልበት ይዞ ወደ ማርሽ ሳጥኑ የሚያስተላልፈው ዲስክ) ምንም አልሆነም፤ ጥፋቱ የዘይት፣ የኩሽኔታ ወይም የአንዲት ትንሽ ጎማ ነው። ሸራውን ለማየት ደግሞ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) መውረድ አለበት። ከባዱ ሥራም፣ ኪስ የሚጎዳውም ወጪ እሱ ነው። ደግነቱ፣ ካምቢዮ ሳይነካ ከሾፌሩ ወንበር ሆኖ ብዙ ነገር መለየት ይቻላል። በየሰው አፍ የሚዞሩትን ምክሮች እንዳሉ ካልወሰዳችሁ ማለት ነው።

«የእጅ ፍሬን ይዘህ በ4ኛ ማርሽ ፍሪሲዮን ልቀቅ፤ ሞተሩ ከጠፋ ደህና ነው»

ይህ ከሁሉም በላይ የተለመደው ሙከራ ነው። ሞተሩ ሳይጠፋ ዝም ብሎ ከዞረ፣ አዎ፣ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው፤ ክርክር የለውም። ሲጠፋ ግን ምንም አላረጋገጣችሁም። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው ቀስ ብሎ) የሚዞር ሞተር የሚያወጣው ቶርክ፣ ማለትም የማዞር ጉልበት፣ ትንሽ ነው። ሊያልቅ የተቃረበ ፍሪሲዮንም ይህቺን መያዝ አያቅተውም።

መንሸራተት የሚጀምረው የሞተሩ ቶርክ ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ሙከራው እዚያ ቦታ ላይ መደረግ አለበት። ሞተሩን በደንብ አሙቁ። ባዶና ቀጥ ያለ መንገድ ፈልጉ። በ4ኛ ወይም በ5ኛ ማርሽ፣ በደቂቃ ከ2000 እስከ 2500 ዙር አካባቢ እየሄዳችሁ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ስጡ። የዙሩና የፍጥነቱ ቀስት አብረው መውጣት አለባቸው። የዙሩ ቀስት ብቻውን ዘሎ ወጥቶ ፍጥነቱ ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ እያመለጠ ነው። አንዳንዴ ዘሎ ይወጣና ቶርኩ ሲቀንስ ተመልሶ ይይዛል። ያም መንሸራተት ነው። አንዴ ካያችሁት በቂ ነው፤ ደጋግማችሁ አትሞክሩት፣ በተንሸራተተ ቁጥር ሸራውም፣ ሸራው የሚይዘው የሞተሩ ከባድ ጎማ መሰል ብረት (ቮላኖው)ም ይቃጠላል።

በ1ኛ እና በ2ኛ ማርሽ መሞከር ዋጋ የለውም። መኪናው ቀልሎት ይፈተለካል፣ ወይም ጎማው ይሽከረከራል። ጎማ ሲሽከረከር ደግሞ ብዙ ሰው ፍሪሲዮን ያመለጠ ይመስለዋል።

«ከተንሸራተተ ሸራው አልቋል ማለት ነው»

የግድ አይደለም። ቱርቦ ባለው መኪና ላይ ሶፍትዌር ተቀይሮ ጉልበት ከተጨመረ፣ አዲስ ሸራም ሊንሸራተት ይችላል። ፋብሪካው የገጠመው ፍሪሲዮን የታሰበው ለፋብሪካው ቶርክ ነው። ከሞተሩ ኋላ ያለው ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት) አፍስሶ ሸራው ዘይት ከነካውም ውፍረቱ ሳይቀንስ ያመልጣል። ይህ ካልታወቀ አዲስ ሸራ ይገጠምና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያው በሽታ ይመለሳል።

«ፔዳሉ ላይ ሲደርስ ከያዘ አልቋል፣ ታች ከያዘ አዲስ ነው»

ይህ አባባል ከካቦ ዘመን የቀረ ነው። በካቦ በሚሠሩት ላይ ሸራው ሲሳሳ የሚይዝበት ቦታ በእርግጥ ይቀየራል። አብዛኞቹ የዛሬ ስፖርት መኪኖች ግን በዘይት (በፍሬን ዘይት) ግፊት ነው የሚሠሩት፣ ዘይቱም ልዩነቱን ራሱ ያካክሰዋል። ሸራው ሲሳሳ የፕሬዠር ፕሌቱ (ሸራውን ቮላኖው ላይ የሚጫነው ክፍል) ጣቶች ወደ ኋላ ይመጡና የታችኛውን፣ ማለትም በካምቢዮው በኩል ያለውን፣ ፖምፓ ፒስተን ይገፉታል፤ ትርፉ ዘይት ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ስለዚህ ሸራው ሊያልቅ ቢቃረብም ፔዳሉ የሚይዝበት ቦታ ብዙም ላይቀየር ይችላል።

ከዚህ አንድ ጥሩ ፍንጭ ይገኛል። ፍሪሲዮን ሲያልቅ ዘይቱ አይጎድልም፣ እንዲያውም በጥቂቱ ከፍ ይላል። ዘይቱ እየጎደለ ከሆነ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። ብዙ መኪኖች ላይ ማጠራቀሚያው ከፍሬን ጋር የጋራ ስለሆነ የፍሬን ሸራ ማለቅም ዘይቱን ያወርደዋል፤ ሁለቱንም እዩ።

ድንገት ታች መያዝ የጀመረ ወይም የላላ ፔዳል ደግሞ «አዲስ» ሳይሆን አየር የገባበት ነው።

«ማርሽ አልገባ ካለ ፍሪሲዮኑ በልቷል፣ ካልሆነም ካምቢዮው ሄዷል»

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ካምቢዮ በከንቱ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው።

ፍሪሲዮን የሚታመመው በሁለት ተቃራኒ መንገዶች ነው። ወይ አይዝም፣ ወይ አይለቅም። ያለቀ ሸራ አይዝም። ማርሽ የሚያስቸግረው ግን ሳይለቅ ሲቀር ነው፦ ፔዳሉን ረግጣችሁም ሸራው ከቮላኖው ጋር እየተሻሸ የካምቢዮውን ዘንግ ያዞረዋል።

መለያው ቀላል ነው። ሞተሩን አጥፍታችሁ ማርሾቹን አስገቡ። ሁሉም ለስላሳ ከሆኑ፣ ሞተሩ ሲነሳ ግን እምቢ ካሉ፣ ተጠርጣሪው አለመልቀቅ ነው። ቀጥሎ በሚኒሞ እያለ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ ጥቂት ሰከንድ ጠብቁና የኋላ ማርሽ አስገቡ። ብዙ መኪኖች ላይ የኋላ ማርሽ ሲንክሮ (ማርሽ ሲገባ የዘንጉን ፍጥነት የሚያስተካክለው ቀለበት) ስለሌለው ዘንጉ አሁንም እየዞረ ከሆነ «ክርርር» ብሎ ይነግራችኋል። እየሄዳችሁ የሚያንገራግረው አንድ ማርሽ ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ 2ኛ ወይም 3ኛ፣ ያ የራሱ የማርሹ ሲንክሮ ነው፤ ፍሪሲዮኑን ተዉት።

አልለቅ ያለ ፍሪሲዮን ከሆነ፣ ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ረግጣችሁ እንደገና ሞክሩ። ከተሻለው ዘይቱ ውስጥ አየር አለ ወይም ፖምፓው ደክሟል። አሁን ጎንበስ በሉና ከፔዳሉ በላይ፣ ዘንጉ ወደ ላይኛው ፖምፓ የሚገባበትን ቦታ በጣታችሁ ዳብሱ። እርጥብ ከሆነ ጥፋተኛው ተገኘ። ደረቅ ከሆነ ወደ ታችኛው ፖምፓ ሂዱ፣ የአቧራ መከላከያ ጎማውን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ላይ ይህ ፖምፓ ከካምቢዮው ውጪ ስለሆነ ሥራው ቀላል ነው። ኒሳን 370ዜድ ላይ ግን ከካምቢዮው ዘንግ ዙሪያ፣ ውስጥ ነው የተቀመጠው፤ እሱን ለመቀየር ካምቢዮ መውረዱ አይቀርም። ከወረደ ደግሞ ሸራውን አብሮ መቀየሩ ብልህነት ነው።

የዘይቱንም ነገር አትርሱ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ የመፍሊያ ነጥቡም ይወርዳል። ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲጋልብ ቆይቶ ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ከሆነ፣ መጀመሪያ የጠቆረውን ዘይት ቀይሩ። በየ2 ዓመቱ መቀየር ያለበትን ዘይት ለፍሪሲዮን ሲሆን ማንም አያስታውሰውም።

በነገራችን ላይ፣ ብዙ ማንዋል ቢኤምደብሊው መኪኖች የዘይቱ መስመር ላይ ፍሪሲዮኑ ቀስ ብሎ እንዲይዝ የምታደርግ ትንሽ ቫልቭ አላቸው። ማርሽ በፍጥነት ስትቀይሩ የሚሰማው የመንሸራተት ስሜት ከእሷ ሊሆን ይችላል። በእሷ ምክንያት ደህናው ሸራ አልቋል ተብሎ ብዙ ታምቷል።

«የሚንጫጫ ከሆነ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው»

መቼ ነው የሚንጫጫው? ጥያቄው እሱ ነው። በዜሮ ማርሽ፣ እግራችሁ ከፔዳሉ ላይ ተነስቶ ከጮኸና ስትረግጡ ዝም ካለ፣ የካምቢዮው የመግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ፔዳሉን ገና ነካ ስታደርጉት ከጀመረ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው። እስከ ታች ረግጣችሁ ማርሽ ስታስገቡ ብቻ ከተሰማ ደግሞ በቮላኖው በኩል መሃል ላይ የምትቀመጠው ትንሿ ኩሽኔታ ናት፤ እሷ ጫና የሚያገኛት ዘንጉ ቆሞ ሞተሩ ሲዞር ነው።

ድምፅ ሁሉም በሽታ አይደለም። ቀላል ቮላኖ የተገጠመላቸው መኪኖች በሚኒሞ ይንኳኳሉ። ፖርሽ 997 ጂቲ3 አርኤስ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ በዜሮ ማርሽ እንደ ጠጠር የሞላው ቆርቆሮ ይንኮሻኮሻል፣ ፍሪሲዮኑ ስትረግጡት ጸጥ ይላል። በሌላ በኩል ባለ ድርብ ቮላኖ (ሁለት ክፍል ያለውና በመሃሉ ሞላ የተገጠመበት ቮላኖ) መኪና ሞተሩ ሲጠፋ «ዷ» ካለ የቮላኖው ሞላዎች ደክመዋል።

«ሲነሳ ከተንቀጠቀጠ ሸራ ቀይር»

መጀመሪያ የሞተሩን መቀመጫ ጎማዎች እዩ። የተቀደደ ጎማ ሞተሩን ያወዛውዘዋል፣ ስሜቱም ከፍሪሲዮን መንቀጥቀጥ አይለይም። ከዚያ በኋላ ነው ዘይት የነካው ሸራ ወይም በሙቀት የጠቆረ ቮላኖ የሚጠረጠረው።

«የቃጠሎ ሽታ ከመጣ አበቃለት»

ከአንድ ጠንካራ አነሳስ በኋላ የሚመጣ ሽታ ሸራው መጋሉን ነው የሚነግራችሁ። ቀዝቀዝ ሲል አያያዙ ወደ ቦታው ከተመለሰ ብዙም አትጨነቁ። በተለመደ አነዳድ እየሸተተ ከሆነ ግን ወደ ላይ ተመለሱና የ4ኛ ማርሹን ሙከራ አድርጉ።

«የውድድር ፍሪሲዮን ብገጥም ይሻላል፣ አዲስ ሲገጠም ደግሞ ችግር የለም»

ብረት የበዛበት የውድድር ሸራ ብዙ ቶርክ ይይዛል፣ ነገር ግን ወይ ይዟል ወይ ለቋል፤ መሃል የለውም። በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ እየዘለለ ያማርራችኋል። መኪናው ትራክ የማይወጣ ከሆነ እኔ አልመክርም።

አዲስ ሸራ ደግሞ መላመጃ ያስፈልገዋል፤ በተለምዶ ከ500 እስከ 1000 ኪሎ ሜትር ያለ ኃይለኛ አነሳስ መንዳት ነው። እስከዚያ ትንሽ ቢሸት አትደንግጡ። ከዚያም በኋላ ከተንሸራተተ፣ ካምቢዮውን እንደገና ከማውረድ በፊት የፔዳሉን ዘንግ አስተካክሉ። በላይኛው ፖምፓ ላይ ትንሽ ነጻ ጨዋታ ከሌለው ፖምፓው ሙሉ በሙሉ አይመለስም፣ ግፊቱ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፣ እግራችሁ ባይኖርበትም ፍሪሲዮኑ በግማሽ እንደተረገጠ ይሄዳል።