ከነጠላ ጫማ የሚወጣ ቅርጽ፦ የኬንያ ባሕር ዳርቻ ጥበብ

በኬንያ ባሕር ዳርቻ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ለሶማሊያ ድንበር በሚቀርቡት የላሙ ደሴቶች፣ ማዕበል ከዛጎልና ከባሕር ሣር ጋር ያረጁ ነጠላ ጫማዎችን በብዛት እያወጣ ይጥላል። ነጠላ ጫማ ርካሽ ነው፤ ቶሎ ይበጠሳል፤ ሲጣልም ቀላል ስለሆነ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይሰምጥም። ወንዝና ጎርፍ ጠርገው ባሕር የከተቱትን፣ የሕንድ ውቅያኖስ ሞገድና ሞንሱን የሚባለው ወቅታዊ ነፋስ ከሩቅ አገር ሳይቀር እየገፉ ያመጡታል። ጉዳቱ ዳርቻውን በማቆሸሽ አያበቃም። እንቁላል ልትጥል አሸዋ ላይ የምትወጣ የባሕር ኤሊ መንገድ ይዘጋባታል፤ ከእንቁላል የወጡ ጫጩቶቿም ወደ ውሃው ሲያመሩ ክምሩ ያግዳቸዋል።

ከእነዚህ ጫማዎች ቅርጽ የማውጣት ጥበብ የተጀመረው ከእነዚሁ ደሴቶች በአንዷ፣ በኪዋዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የባሕር ጥበቃ ባለሙያዋ ጁሊ ቸርች የአካባቢው ልጆች ከዳርቻ በለቀሙት ነጠላ ጫማ መጫወቻ ሲሠሩ ተመለከቱ። የደሴቲቱ ሴቶችም ጫማውን እየሰበሰቡና እያጠቡ ለገበያ የሚሆን ዕቃ እንዲሠሩ አበረታቱ። ዛሬ ኦሽን ሶል በሚል ስም የሚታወቀው የናይሮቢ ድርጅት መነሻ ይህ ነው። ከሁሉ በፊት ሐሳቡን ያመነጩት ግን ልጆቹ ናቸው፤ ታሪኩ በተነሣ ቁጥር ቀድመው ሊመሰገኑ ይገባል።

ከድርጅቱ ቀራጮች ብዙዎቹ ቀድሞ እንጨት ይጠርቡ የነበሩ ናቸው። ጫማው ከታጠበ በኋላ ሶሎቹ በማጣበቂያ እየተደራረቡ ወፍራም ጥርብ ይሆናሉ። ቀራጩ በስለታም ቢላ ትርፉን እየላጨ ቀጭኔውን ወይም አውራሪሱን ያወጣና ገላውን በመሞረጃ ያለሰልሰዋል። ትልልቆቹ ቅርጾች ውስጣቸው የዕቃ ማሸጊያ ነጭ ፎም ነው፤ ነጠላ ጫማው ከላይ ይለብሳል። ቀለም አይቀቡም። በዝሆኑ ጎን ላይ ሰማያዊ፣ ቢጫና ሮዝ መስመር እየተከታተለ የሚታየው እያንዳንዱ መስመር አንድ ሶል ስለሆነ ነው። ለእኔ የሥራው ውበት እዚህ ላይ ነው፤ ዝሆኑ ከምን እንደተሠራ አይደብቅም።

እርግጥ ነው፣ ቅርጽ ማውጣት ብቻውን ባሕሩን አያጸዳም። የተለቀመው ዳርቻ በሚቀጥለው ማዕበል እንደገና ይሞላል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 የፕላስቲክ ከረጢት ብትከለክልም ከውጭ የሚንሳፈፈውን ቆሻሻ አንድ አገር በሕጉ ሊያቆመው አይችልም። ያም ሆኖ ለለቃሚውና ለቀራጩ ገቢ የሚያስገኝ፣ ለዛፉም እፎይታ የሚሰጥ ሥራ በቀላሉ የሚታይ አይደለም።

ከዚሁ አካባቢ የወጣው ትልቁ ሥራ ፍሊፕፍሎፒ የተባለችው ጀልባ ናት። ቤን ሞሪሰን ሐሳቡን ይዘው ተነሡ፤ የላሙው ጀልባ ሠሪ አሊ ስካንዳ ከባልደረቦቻቸው ጋር ዳው በሚባለው ባለ ሸራ የስዋሂሊ ጀልባ አሠራር ገነቧት። 10 ቶን ያህል የፕላስቲክ ቆሻሻ ቀልጦ አጥንቷና ሳንቃዋ ሆነ፤ አናጺዎቹም እንደ እንጨት ጠርበው ገጠሙት። 9 ሜትር ያህል የሚረዝመው አካሏ ከ30,000 ገደማ ነጠላ ጫማዎች የተሠራ ዥንጉርጉር ልብስ ለብሷል። እ.ኤ.አ. በ2018 ውሃ ላይ ወረደች፤ በ2019 መጀመሪያ ከላሙ ተነሥታ 500 ኪሎ ሜትር ያህል በመጓዝ ዛንዚባር ደረሰች። በመንገዷም በየወደቡ እየቆመች ስለ ፕላስቲክ ብክለት አስተምራለች። በ2021 ደግሞ ፊቷን ከውቅያኖሱ አዙራ፣ በዚያው ችግር የተያዘውን የቪክቶሪያ ሐይቅ ቀዝፋለች።