ስለ ሕንድ ጃቶች በስህተት የሚወሩ ነገሮች

«የሂንዱ ገበሬ ሁሉ ሰውን በትውልዱ በደረጃ በሚከፋፍለው የካስት ሥርዓት ታች ያለ፣ አንገቱን የደፋ ምስኪን ነው።» አይደለም። በሰሜን ሕንድ፣ በሃርያና፣ በራጃስታንና በምዕራብ ኡታር ፕራዴሽ የሚኖሩት ጃቶች የገበሬ ማኅበረሰብ ናቸው፤ በብዙ መንደሮች ግን አብዛኛው መሬት የነሱ ነው። የካህናቱ ካስት የሆኑት ብራህሚኖች ትልቅ ቦታ ባይሰጧቸውም በመንደሩ የሚደመጡት እነሱ ናቸው። ከመሃላቸው የወጡት የገበሬው ልጅ ቻራን ሲንግ እ.ኤ.አ. በ1979 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል።

«ጃት ሁሉ ሂንዱ ነው» የሚባለውም ልክ አይደለም። ፑንጃብ ውስጥ ሲክ ጃቶች፣ ፓኪስታን ውስጥ ደግሞ ሙስሊም ጃቶች ሞልተዋል።

«ሂንዱ ሴት ባሏ ከሞተ ዳግም አታገባም።» ይህ በዋናነት የከፍተኛ ካስቶች ልማድ ነበር። ጃቶች ዘንድ «ካሬዋ» የሚባል ሥርዓት አለ። ሴትየዋ ብዙውን ጊዜ የሟቹን ወንድም ታገባለች። እኛ አገር በአንዳንድ አካባቢ የውርስ ጋብቻ የሚባለው ዓይነት ነው። ታዲያ «ለሴት እንዴት ያስባሉ!» ብሎ መደነቅም ሌላ ስህተት ነው። ዋናው ጉዳይ መሬት ነው። ሴትየዋ ብቻዋን ከቀረች የባሏን ድርሻ ልትጠይቅ ትችላለች፤ ሌላ ቤት ከገባች ደግሞ የሥራ ጉልበቷ ከባሏ ቤተሰብ ይሄዳል። ስለዚህ ፈቃዷን የሚጠይቅ ብዙም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው የሂንዱ የውርስ ሕግ ለሚስትም ለሴት ልጅም መብት ሰጥቷል። ያም ሆኖ ዛሬም ብዙ እህቶች ከወንድሞቻቸው ላለመቀያየም ድርሻቸውን ይተዋሉ። እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም የእርሻው ሥራ ግማሹ በነሱ ጫንቃ ላይ ነው። ፊታቸውን በሻሽ ሸፍነው ስለሚታዩ «ከቤት አይወጡም» ይባላሉ እንጂ ሣር የሚያጭዱት፣ የሚያልቡት፣ ኩበት የሚጠፈጥፉት እነሱ ናቸው።

የሚያልቡትም ላም ብቻ አይደለም። ላም የተከበረች ብትሆንም የሃርያና ቤት ወተትና ቅቤ በብዛት የሚመጣው «ሙራ» ከሚባለው ለማዳ ጎሽ ነው።

«ዘራቸው እንዳይቀላቀል ዘመድ ለዘመድ ይጋባሉ» የሚሉም አሉ። ጭራሽ ተቃራኒው ነው። እኛ ሰባት ቤት እንደምንቆጥረው እነሱም «ጎትራ» የሚሉትን የዘር ሐረግ ይቆጥራሉ። ከአባትም ከእናትም ጎትራ ማግባት ነውር ነው። የአንድ መንደር ልጆችም እንደ እህትና ወንድም ይታያሉ። ይህን የሚጠብቀው «ካፕ» የተባለው የሽማግሌዎች ጉባኤ ነው። ደንቡን ጥሰው የተጋቡ ወጣቶች በገዛ ቤተሰባቸው የተገደሉበት ጊዜ አለ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት አዋቂዎች ፈቅደው ሲጋቡ ካፕ ጣልቃ መግባቱ ሕገወጥ ነው ብሎ ወስኗል።