ፓራሲታሞል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከከተማ ፋርማሲ እስከ ገጠር ጤና ኬላ ድረስ የማይታጣ መድኃኒት ቢኖር ፓራሲታሞል ነው። ራስ ምታት፣ የጥርስ ሕመም፣ የወር አበባ ቁርጠት ወይም የልጅ ትኩሳት ባጋጠመ ቁጥር ቀድሞ የሚታሰበው እርሱ ነው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ስለሚሸጥም አብዛኛው ሰው አወሳሰዱን የሚማረው ከማሸጊያው ወረቀት ሳይሆን ከቤተሰብና ከጎረቤት ነው። በዚህ መንገድ ከሚተላለፈው ምክር ትክክለኛው ብዙ ቢሆንም፣ የተሳሳተው ግን አንዳንዱን ሰው ያለ ምክንያት ያስፈራዋል፣ ሌላውን ደግሞ ሊጠነቀቅ በሚገባው ቦታ ያዘናጋዋል።

«ቀላል መድኃኒት ስለሆነ ቢበዛም አይጎዳም»

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ለአንድ ጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን 4 ግራም ሲሆን፣ ይህም ባለ 500 ሚሊ ግራም 8 ክኒን ማለት ነው፤ በአንድ ጊዜ ከሁለት ክኒን በላይ አይዋጥም፣ እንደገና ከመውሰድ በፊትም ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል። በዚህ ገደብ ውስጥ ሲወሰድ በእርግጥም በጣም አስተማማኝ ከሆኑት የሕመም ማስታገሻዎች አንዱ ነው። ጉበት ከተዋጠው መድኃኒት አብዛኛውን ጉዳት ወደማያደርስ ነገር ለውጦ በሽንት እንዲወጣ ያደርጋል፤ ጥቂቱ ግን ወደ መርዛማ ውህድ ይለወጣል። ይህን መርዝ የሚያመክነው ግሉታታዮን የሚባል፣ ሰውነት ራሱ የሚሠራው ንጥረ ነገር ነው። የተወሰደው መጠን ከልክ ሲያልፍ ግሉታታዮኑ ያልቅና መርዙ የጉበትን ሕዋሳት መግደል ይጀምራል። በአሜሪካና በብሪታንያ ጉበት በድንገት ሥራውን እንዲያቆም ከሚያደርጉ ምክንያቶች ቀዳሚው ፓራሲታሞል ነው፤ ከታካሚዎቹም ብዙዎቹ ራሳቸውን ለመጉዳት ያሰቡ ሳይሆኑ፣ የጥርስ ወይም የወገብ ሕመም በርትቶባቸው ለቀናት ከልክ በላይ የወሰዱ ናቸው።

ለሁሉም ሰው ገደቡ 4 ግራም ነው ማለትም አይደለም። አዘውትሮ አልኮል የሚጠጣ፣ በምግብ እጥረት የተጎዳ ወይም ለቀናት ምግብ ያልቀመሰ፣ ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች የሆነ፣ የጉበት ሕመም ያለበት፣ እንዲሁም ለቲቢ አይሶኒያዚድን ወይም ለሚጥል በሽታ ካርባማዜፒንን የመሰለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መጠኑን ከባለሙያ ጋር ተማክሮ ሊወስን ይገባል።

«ብዙ ወስጄ ምንም አልሆንኩም፤ ስለዚህ አልጎዳኝም»

የፓራሲታሞል መመረዝ አደገኛነቱ ጸጥ ብሎ መጀመሩ ነው። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ሰውየው ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ቢሰማው እንኳ ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክና ድካም ስለሆነ በምግብ ወይም በጉንፋን ያሳብበዋል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ያለው የሆድ ክፍል መታመም ይጀምራል፤ የዓይን ቢጫ መሆን፣ መድማትና ራስን መሳት የሚከተሉት ጉበት በጽኑ ከተጎዳ በኋላ ነው። ማርከሻው አሴቲልሲስቴይን የሚባል መድኃኒት ሲሆን፣ ሰውነት ግሉታታዮንን መልሶ እንዲሠራ ያግዛል። ከልክ ያለፈው መጠን በአንድ ጊዜ በተወሰደ በ8 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ ጉበትን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ያድናል፤ ከዚያ በኋላ ቢሰጥም ይጠቅማል፣ ነገር ግን ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ ከልክ በላይ የወሰደ ሰው ደኅና መስሎ ቢታይም በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት፤ የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዞ ቢሄድና የወሰደበትን ሰዓት ቢናገር ሐኪሙን በእጅጉ ያግዛል።

«ታይለኖል፣ ፓናዶልና አካሞል የተለያዩ መድኃኒቶች ናቸው»

ሦስቱም ፓራሲታሞል ናቸው። ይህ ስህተት በተለይ ከአገር ውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችንን ሊጎዳ ይችላል፤ ምክንያቱም ያው መድኃኒት በአሜሪካ ታይለኖል፣ በእስራኤል አካሞል ወይም ዴክሳሞል፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ፓናዶል፣ አዶል ወይም ፌቫዶል፣ በፈረንሳይ ዶሊፕራን፣ በስዊድን አልቬዶን እየተባለ ይሸጣል። ከዱባይ ዘመድ የላከውን ፓናዶል አዲስ አበባ ከተገዛው ፓራሲታሞል ጋር ደርቦ የሚወስድ ሰው «አንዱ አልሻለኝም፣ ሌላውን ልሞክር» ብሎ ነው፤ የወሰደው ግን የአንዱኑ እጥፍ ነው።

ከዚህ ይበልጥ የሚሸወዱበት ደግሞ የጉንፋን መድኃኒት ነው። አሜሪካ ውስጥ ጉንፋን የያዘው ሰው በየስድስት ሰዓቱ ሁለት ሁለት ባለ 500 ሚሊ ግራም ታይለኖል ቢውጥ የቀኑን 4 ግራም ጨርሷል። ማታ እንቅልፍ እንዲወስደው ናይኩዊል ከሚባለው የማታ የጉንፋን መድኃኒት ሁለት እንክብል ሲጨምር፣ እያንዳንዱ እንክብል 325 ሚሊ ግራም ስላለው፣ ሳያውቀው ሌላ 650 ሚሊ ግራም ደርቧል። በአሜሪካ ማሸጊያ ላይ የመድኃኒቱ መጠሪያ አሴታሚኖፌን ስለሆነ፣ ማንኛውም የጉንፋን ወይም የሕመም መድኃኒት ሲገዛ መታየት ያለበት ከንግድ ስሙ በታች በትንሹ የተጻፈው ይህ ስም ነው። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ ድብልቅ ማስታገሻዎች በአንድ ክኒን ከ325 ሚሊ ግራም በላይ እንዳይዙ እ.ኤ.አ. በ2011 የጠየቀውም በዚሁ መደራረብ ምክንያት ነበር።

«ለልጅ አንድ ማንኪያ ይበቃል»

የልጅ መጠን የሚሰላው በክብደት ነው፤ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም በየ4 ወይም 6 ሰዓቱ ሲሆን፣ በቀን ከአራት ጊዜ አይበልጥም። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው። በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ከያዘው ሽሮፕ 5 ሚሊ ሊትር ቢሰጠው ልክ ነው፤ በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊ ግራም ከያዘው ጠርሙስ ያንኑ 5 ሚሊ ሊትር ቢሰጠው ግን ከእጥፍ በላይ ይወስዳል። ሁለቱም ጠርሙሶች ገበያ ላይ አሉ፤ የሚለያቸው በስያሜው ወረቀት ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። የቤት ማንኪያም የሚይዘው መጠን ከቤት ቤት ስለሚለያይ ከሽሮፑ ጋር በሚመጣው መስፈሪያ ወይም በስሪንጅ መስጠት ይገባል። ዕድሜው ከሦስት ወር በታች የሆነ ሕፃን ካተኮሰው ደግሞ መድኃኒት ከመስጠት በፊት ሐኪም ሊያየው ይገባል።

«በባዶ ሆድ ከተወሰደ ጨጓራ ይልጣል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል»

ይህ ስጋት ለአስፕሪን፣ ለአይቡፕሮፌንና ለዳይክሎፌናክ እውነት ነው፤ እነርሱ የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቁትንና ወደ ኩላሊት የሚሄደውን የደም ፍሰት የሚያስተካክሉትን ንጥረ ነገሮች ይቀንሳሉ። ፓራሲታሞል በታዘዘው መጠን ሲወሰድ ይህን ጉዳት አያደርስም፤ ከምግብ በፊትም በኋላም መውሰድ ይቻላል። የሚያሳዝነው ፓራሲታሞልን «ኩላሊት ይጎዳል» ብለው የተዉ ሰዎች በምትኩ ዳይክሎፌናክ መርፌ ሲወጉ መታየታቸው ነው።

«ከአስፕሪን በኋላ የተገኘ አዲስ መድኃኒት ነው»

ፓራሲታሞል በቤተ ሙከራ የተሠራው አስፕሪን ለገበያ ከቀረበበት ከእ.ኤ.አ. 1899 በፊት፣ በ1870ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው፤ የሠራውም በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት የነበረው ሃርመን ኖርዝሮፕ ሞርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 በስትራስቡርግ ሁለት ሐኪሞች፣ አርኖልድ ካንና ፓውል ሄፕ፣ ለታካሚያቸው ናፍታሊን ሲያዙ ከመድኃኒት ቤቱ በስህተት የመጣው አሴታኒሊድ የሚባል ኬሚካል ትኩሳቱን ሲያወርደው ተመለከቱ። አሴታኒሊድ ለሽያጭ ቀረበ፤ ነገር ግን ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን እንዲያጣ እያደረገ የሕመምተኞችን ከንፈር ሰማያዊ ያደርግ ነበር። በዓመቱ ፌናሴቲን የሚባል ሌላ ማስታገሻ በእርሱ ቦታ ተተካ። እ.ኤ.አ. በ1893 ጀርመናዊው ዮዜፍ ፎን ሜሪንግ ፓራሲታሞልን በሰው ላይ ሞክሮ ይህንኑ የደም ችግር ያመጣል ብሎ ስለደመደመ፣ መድኃኒቱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተረሳ፤ ዓለምም ኩላሊትን የሚጎዳውን ፌናሴቲን ሲውጥ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1948 ተመራማሪዎቹ በርናርድ ብሮዲና ጁሊየስ አክሰልሮድ የእነዚያን የድሮ መድኃኒቶች ሕመም የማስታገስ ሥራ የሚሠራው ሰውነት ውስጥ ሲለወጡ የሚገኘው ፓራሲታሞል መሆኑን አሳዩ። በ1955 በአሜሪካ ታይለኖል የልጆች ሽሮፕ ሆኖ፣ በ1956 ደግሞ በብሪታንያ ፓናዶል ተብሎ መሸጥ ጀመረ። አንድ የተሳሳተ ድምዳሜ ሳይመረመር በመቆየቱ ብዙ ሰዎች የተሻለ መድኃኒት እያለ በከፋው ተጎድተዋል።

«አዲሱ አንጸባራቂ ክኒን ቫይረስ አለበት»

«ፒ/500» የተጻፈበት በጣም ነጭ ፓራሲታሞል ማቹፖ የሚባል ገዳይ ቫይረስ ይዟል የሚለው መልእክት ለዓመታት በብዙ ቋንቋዎች ሲዘዋወር ቆይቷል። ማቹፖ በደቡብ አሜሪካ በቦሊቪያ ከአይጥ ዝርያ ወደ ሰው የሚተላለፍ ቫይረስ ሲሆን፣ በደረቅ ክኒን ላይ በሕይወት መቆየት አይችልም።

«እርጉዝ ሴት ከወሰደችው ልጇ ኦቲዝም ይይዘዋል»

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ እርጉዞች ታይለኖል እንዳይወስዱ በአደባባይ ከተናገሩ ወዲህ ብዙ እናቶች ተደናግጠዋል። በስዊድን ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆችን ያካተተውና በ2024 የታተመው ጥናት ከአንድ እናት የተወለዱ ልጆችን እርስ በርስ ሲያነጻጽር ግንኙነት አላገኘም። የዓለም ጤና ድርጅትም መድኃኒቱ ኦቲዝም እንደሚያመጣ የሚያሳይ ወጥ ማስረጃ እንደሌለ አስታውቋል። በሌላ በኩል በእርግዝና ወቅት ሳይታከም የሚቆይ ከፍተኛ ትኩሳት ራሱ ለጽንሱ አደጋ ነው፤ አይቡፕሮፌን ደግሞ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ አይመከርም። ስለዚህ እርጉዝ ሴት ሲያስፈልጋት በአነስተኛ መጠን ለአጭር ጊዜ ልትወስደው ትችላለች።

«ትኩሳቱ ከወረደ በሽታው ለቋል»

ፓራሲታሞል ትኩሳትን ያወርዳል እንጂ ትኩሳቱን ያመጣውን አያክምም። በወባማ አካባቢ የሚኖር ወይም ከዚያ በቅርቡ የተመለሰ ሰው ክኒን ውጦ ላብ አጥምቆት ቀለል ሲለው ጥገኛ ተሕዋሲው በደሙ ውስጥ መራባቱን አያቆምም፤ ፋልሲፓረም የተባለው ዓይነት ደግሞ በተለይ ትንሽ ልጅን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። በእነዚህ አካባቢዎች ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ በጤና ኬላ ወይም በጤና ጣቢያ የደም ምርመራ መደረግ አለበት፤ ፓራሲታሞሉን ወስዶ መሄድ ይቻላል፣ ምርመራውን የሚያዛባ አይደለም።