ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ለስላሳ መጠጣት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ከሚሰጡት ምክሮች አንዱ «ለስላሳም ሆነ ሌላ ጋዝ ያለው መጠጥ እንዳትጠጣ» የሚል ነው። ምክሩ ልክ ነው። ጣጣው ያለው ምክሩ ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው ሲተላለፍ አብረውት የሚነገሩት ምክንያቶች ላይ ነው፤ ከፊሎቹ የተጋነኑ፣ ከፊሎቹም ጭራሽ የተሳሳቱ ናቸው። ሰው ደግሞ የተነገረው ምክንያት እንደማያስኬድ ያወቀ ዕለት ክልከላውንም አብሮ ይጥለዋል።

«ጋዙ ጨጓራን መልሶ ይለጥጠዋል»

በብዛት የሚሰማው ይህ ነው። ስጋቱ ከምንም አልመጣም። ስሊቭ በሚባለው ቀዶ ሕክምና ከጨጓራው 80 በመቶ ገደማው ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው እንደ ቱቦ የጠበበ ነው። ባይፓስ በሚባለው ደግሞ ከጨጓራው አናት ትንሽ ከረጢት ተሠርታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትገናኛለች፤ ምግብ የሚያርፍባት ይህች አዲስ ከረጢት መጀመሪያ ላይ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ትይዛለች። በአንጻሩ በ330 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ የሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሙሉ ቢወጣ ከ1 ሊትር በላይ ቦታ ሊይዝ ይችላል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ጋዝ ጨጓራ ውስጥ አይከማችም። ብዙው መጠጡ ሲከፈትና ሲቀዳ ያመልጣል፤ የተዋጠውም ወይ በግሳት ይወጣል፣ ወይ ወደ አንጀት ይወርዳል። ጨጓራው ለጊዜው ይወጠራል፤ ውጥረቱም ያማል፣ ያቅለሸልሻል። ጋዝ ብቻውን ጨጓራን ለዘለቄታው እንደሚያሰፋ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ ግን የለም። ክብደቱ መመለስ የጀመረ ሰው ጥፋቱን በጋዝ ላይ ከማላከኩ በፊት በቀን የሚበላውንና የሚጠጣውን ሁሉ ቢመዝን ይሻለዋል።

«እንዲያ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ብቀምስ ምን አለበት?»

አለበት እንጂ። በእነዚያ ሳምንታት የተቆረጠውና የተሰፋው ቦታ ገና አልዳነም፤ ውስጡም አብጦ መተላለፊያው ጠብቧል። እንደ ልብ ማግሳት እንኳ ያስቸግራል። ከዚህ በላይ ግን የሚያሳስበው ውሃ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ታካሚዎች ወደ ሆስፒታል ከሚመለሱባቸው የተለመዱ ምክንያቶች አንዱ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ ነው። በቀን ቢያንስ 1.5 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ጥቂት በጥቂት እየተጎነጨ መሙላት ያለበት ሰው፣ ሆዱን በጋዝ ከነፋው ውሃውን የት ያደርገዋል? በዚህ ወቅት የማይለቅ የሆድ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም የልብ ምት መፍጠን ከታየ «ጋዝ ይሆናል» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ስፌቱ አፍስሶ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

«ጋዙን አራግፌ ብጠጣውስ?»

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ጠጪው ብልሃት ያገኘ ይመስለዋል። ጋዙ ቢወጣም 330 ሚሊ ሊትር ኮላ ውስጥ ያለው 35 ግራም ገደማ ስኳር የትም አልሄደም፤ ወደ 140 ካሎሪ ነው። የጠበበው ጨጓራ ደግሞ ጠጣር ምግብን እንጂ ፈሳሽን ይዞ አያቆይም። ሦስት ጉርሻ ሲበላ «ጠገብኩ» የሚል ሰው ጣፋጭ መጠጥ ቀኑን ሙሉ ሲጎነጭ ቢውል ጥጋብ ሳይሰማው ካሎሪው ይገባል። ጋዝ የሌለው የታሸገ ጭማቂም ከዚህ አያመልጥም።

ስኳሩ በፍጥነት ወደ ትንሹ አንጀት ሲወርድ ደግሞ ዳምፒንግ የሚባለው ችግር አለ። በተለይ ባይፓስ ያደረጉ ሰዎች ከጠጡ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ያልባቸዋል፣ ልባቸው ይመታል፣ ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል፣ ያስቀምጣቸዋል። ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቆይቶ የሚመጣም አለ፤ ስኳሩን ለማውረድ የፈሰሰው ኢንሱሊን ከልክ ያልፍና የደም ስኳር ይወርዳል፤ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ ያዞራል። አንዳንዱ ይህን ለማስታገስ ሌላ ጣፋጭ ይጠጣል፤ ዙሩም እንደገና ይጀምራል። ስሊቭ ያደረጉትም ላይ ሊታይ ይችላል።

«ዳይት ከሆነ ችግር የለውም»

ስኳሩ ቀርቷል፤ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ጋዙና አሲዱ ግን አሉ፤ ጥርስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አይቀርም። ከስሊቭ በኋላ ቃር በብዙዎች ላይ የሚታይ ችግር ስለሆነ፣ ቀድሞውንም አሲድ ወደ ጉሮሮው ለሚመለስበት ሰው ዳይትም ሆነ ሌላ ጋዝ ያለው መጠጥ ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል።

«ጋዝ ያለው ውሃም ያው ለስላሳ ነው»

አይደለም። ንጹሕ ጋዝ ያለው ውሃ ስኳር የለውም፤ አሲዱም ከለስላሳው በጣም ይደክማል። ቁስሉ ድኖ ሐኪሙ ከፈቀደ፣ ከምግብ ሰዓት 30 ደቂቃ ያህል አርቆ በጥቂቱ የሚጠጣና የሚስማማው ሰው አለ። ከዓመታት በኋላም ሆዱን የሚነፋው አለ። ቶኒክ የሚባለው መራራ ጋዝ ያለው መጠጥ ግን ውሃ ቢመስልም አብዛኛው ዓይነት ስኳር አለበት፤ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ነው።

«ጋዝ አጥንት ይበላል»

ጋዙ አይበላም። ኮላን በሚያዘወትሩ ሴቶች ላይ የአጥንት ጥንካሬ ቀንሶ የታየባቸው ጥናቶች አሉ፤ የሚጠረጠሩት ግን በውስጡ ያለው ፎስፎሪክ አሲድና ኮላው ወተትን መተካቱ ናቸው። ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው አጥንቱን የሚጎዳው ይልቁንም ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ በቂ ሆነው አለመግባታቸው ነው። በስሊቭም በባይፓስም በቀን ከ1200 እስከ 1500 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይመከራል፤ ኪኒኑን የረሳ ሰው ለስላሳ ስለተወ ብቻ አይድንም።

«ቢራና ሻምፓኝ የሚከለከሉት በጋዛቸው ነው»

ጋዙ እዚህ ላይ ትንሹ ነገር ነው። በተለይ ከባይፓስ በኋላ አልኮል ወደ ደም የሚገባው በፍጥነት ነው፤ መጠኑም ከበፊቱ ከፍ ይላል። ከዚህ ቀደም ምንም ያላለው አንድ ብርጭቆ ዛሬ ሊያሰክረው ስለሚችል፣ «አንድ ብቻ ነው የጠጣሁት» ብሎ መኪና መያዝ አደገኛ ነው። በአልኮል ሱስ የመያዝ ዕድልም ከባይፓስ በኋላ እንደሚጨምር ታይቷል፤ ጭማሪውም ጎልቶ የታየው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባለው ሁለተኛ ዓመት ነው፤ ታካሚው ክትትሉን ቸል ማለት በሚጀምርበት ጊዜ ማለት ነው።