በጦርነት ወቅት የኤችአይቪ መከላከል አገልግሎት

ኮንዶም ማደል፣ ምርመራ፣ ለታካሚ የሚሰጥ ደምን መፈተሽ፣ ንጹሕ መርፌ ማቅረብ፣ ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ መከላከል፤ እነዚህ ሁሉ ጦርነት መሀል ሳይቋረጡ እንዲቀጥሉ ማድረግ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ሕክምናውም የመከላከሉ አካል ነው። መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። መድኃኒት የጫነ መኪና ኬላ ላይ ሲቆም መከላከሉም አብሮ ይቆማል።

ከሁሉም ጊዜ የማይሰጠው አስገድዶ መደፈር የደረሰባቸው ሰዎች ጉዳይ ነው። መከላከያ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን መወሰድ አለበት። መንገዱ ተዘግቶ ጤና ጣቢያው ከተዘረፈ 72 ሰዓት እንደ ዋዛ ያልፋል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው የእርዳታ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2021 መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ ከጎበኛቸው 106 የጤና ተቋማት 70 በመቶ ገደማ ተዘርፈው ነበር፤ በአግባቡ ሲሠሩ ያገኛቸው 13 በመቶውን ብቻ ነው።

ጦርነት ራሱ ኤችአይቪን ያስፋፋል ወይ? ብዙ ሰው አዎ ይላል። ግን እ.ኤ.አ. በ2007 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ፣ በሰባት የአፍሪካ አገራት የተሰበሰበ መረጃን የገመገመ ጥናት ይህን የሚደግፍ በቂ ማስረጃ አላገኘም። ምናልባት መንገድ ሲዘጋና የሰው እንቅስቃሴ ሲቀንስ ስርጭቱም ይገታ ይሆናል።

በደቡብ ሱዳንና በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ፣ ውጊያ ሳይደርስ ለታካሚዎች የወራት መድኃኒት በቦርሳ ቀድሞ የመስጠት ልምድ አለ።

በሰፊው የተመዘገበው ግን የዩክሬን ታሪክ ነው። እዚያ ወረርሽኙ ከመርፌ መጋራት ጋር ለረጅም ጊዜ ተያይዞ ስለቆየ፣ የኦፒዮይድ (እንደ ሄሮይን ያሉ ዕፆች) ሱስ ላለባቸው ሰዎች ዕፁን የሚተኩ መድኃኒቶችን፣ ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን፣ መስጠት ከዋና ዋናዎቹ የመከላከያ መንገዶች አንዱ ነው። መድኃኒቱን በየጊዜው የሚያገኝ ሰው መርፌ ፍለጋ አይሯሯጥም። ሩሲያ ግን ይህን ሕክምና በሕግ ትከለክላለች። እ.ኤ.አ. በ2014 የዩክሬንን ክራይሚያ ስትይዝ 800 ያህል ሰዎች ሕክምናቸው ተቋረጠ።

የካቲት 2022 ሙሉ ጦርነቱ ሲጀመር ዩክሬናውያኑ ይህን አልረሱም። ታካሚው ቶሎ ቶሎ ክሊኒክ መመላለሱ ቀርቶ እስከ 30 ቀን የሚበቃውን ይዞ ቤቱ እንዲሄድ ተፈቀደ። ይሄ ትልቅ ድፍረት ነው፤ እነዚህን መድኃኒቶች በእጅ መስጠት በሌላ ጊዜ ብዙ ክርክር ያስነሳል። ፔፕፋር በተባለው የአሜሪካ መንግሥት የኤችአይቪ እርዳታ ፕሮግራም የተገዛ 18 ሚሊዮን ዶዝ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትም በፖላንድ መንግሥት ድጋፍ ገባ። አገር ውስጥ ያከፋፈሉት የመንግሥቱ የሕዝብ ጤና ማዕከልና መቶ በመቶ ሕይወት የተባለው ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ያቋቋሙት ድርጅት ናቸው። አልያንስ ፎር ፐብሊክ ሄልዝ የተባለው ድርጅትም ተንቀሳቃሽ ክሊኒኮችን እያሽከረከረ ሰው ወዳለበት ሄደ። ሥራው እንዳይቋረጥ ያደረጉት የእነዚህ ድርጅቶች የአቻ ለአቻ ሠራተኞች (እንደ ታካሚዎቹ ያለ ሕይወት ያላቸው) እና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ናቸው፤ ብዙዎቹ ራሳቸው የተፈናቀሉ፣ ግን የታካሚዎቻቸውን ስልክ ያልጣሉ። ክብር ይገባቸዋል።

ጥር 2025 ደግሞ ከግንባር ያልመጣ ዱላ አረፈ። አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን አገደች። በኋላ ለፔፕፋር ከፊል ፈቃድ ቢሰጥም፣ ቫይረሱ ሳይዝ በፊት የሚወሰደው መከላከያ ክኒን በዚያ ፈቃድ የተፈቀደው ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ ሴቶች ብቻ ነበር። ዕፅ በመርፌ የሚወስዱ ሰዎችና ከወንድ ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት ያላቸው ወንዶች ከዚያ ውጪ ቀሩ።