ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም፦ የሚወራው እና እውነታው

ደብረ ብርሃን ላይ አሜሪካ ሄዶ የመማር ወሬ ሲነሳ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ስም መጠራቱ አይቀርም። ከስሙ ጋር ብዙ የተዛባ ወሬም ይመጣል። ለማመልከት የምታስቡ ልጆች ስላላችሁ አንድ በአንድ እንያቸው።

«የወታደር ትምህርት ቤት ነው፤ ከገባህ መዝመትህ አይቀርም።»

ይሄ ወሬ የመጣው ከፎቶው ይመስለኛል። እስከ ጉልበት የሚደርስ ቡናማ ቦት ያደረጉ ካዴቶችን ያየ ሰው ሁሉም ተማሪ እንደዚያ ይመስለዋል። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1876 ሲከፈት ወታደራዊ ሥልጠና በእርግጥ ግዴታ ነበር። ግዴታው ግን በ1965 ቀርቷል። ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ ተማሪ አለ፤ ካዴቶቹ ጥቂት ሺህ ብቻ ናቸው፤ የሚገቡትም በፈቃዳቸው ነው። ከእነሱም ብዙዎቹ ሲመረቁ ወደ ሲቪል ሥራ ይሄዳሉ።

«ተማሪዎቹ አጊ የሚባሉት ግብርና ስለሚማሩ ነው።» ስሙ ከግብርና መምጣቱ እውነት ነው። አሁን ግን ኢንጂነሪንግ የሚማረውም አጊ ነው፤ ሲጠሩትም ደስ ይለዋል።

«ሃውዲ የካውቦይ ቀልድ ነው» የሚሉም አሉ። የግቢው ሰላምታ ነው፤ ለማያውቁት ሰውም ይባላል። መንዝ ውስጥ መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ዝም ብሎ ማለፍ ነውር እንደሆነ የሚያውቅ ልጅ ይሄ አይከብደውም። «ዉፕ!» ብሎ መጮህ ግን በልማዱ የሦስተኛ እና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ነው። ፍሬሹ፣ በእነሱ አጠራር «ፊሹ»፣ ተራውን ይጠብቃል።

«ማስተር (Muster) የሚሉት የተመራቂዎች ፓርቲ ነው።» በፍጹም፤ ከማስተርስ ዲግሪ ጋርም አይገናኝም። በየዓመቱ ኤፕሪል 21 ቀን የሞቱ አጊዎች ስም እንደ ወታደር ይጠራል። በሟቹ ፈንታ ዘመድ ወይም ጓደኛ «አለሁ» ይላል፤ ሻማም ይበራል።

«አስራ ሁለተኛው ሰው ተቀይሮ ገብቶ ቡድኑን አዳነ።»

እዚህ ላይ እውነቱ ከተጋነነው ይበልጣል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 1922 ዳላስ ላይ ከሴንተር ኮሌጅ ጋር በተደረገ የአሜሪካን ፉትቦል ጨዋታ የቡድኑ ልጆች እየተጎዱ ወጡ፤ ተቀያሪ ሊያልቅ ደረሰ። አሰልጣኙ ዳና ባይብል ኪንግ ጊል የተባለውን ተማሪ አስጠሩት። ጊል ከጋዜጠኞቹ ጋር ሆኖ ተጫዋቾቹን እየለየ ይነግራቸው ነበር። ወረደ፤ የተጎዳ ጓደኛውን መለያ ለበሰ፤ መስመሩ ዳር ቆመ። ቡድኑ 22 ለ14 አሸነፈ። «አስራ ሁለተኛው ሰው» የተባለው ጊል ግን ሜዳ አልገባም። ተማሪዎቹ ዛሬም ጨዋታው እስኪያልቅ የሚቆሙት ለዚህ ነው። ተዘጋጅቶ መቆም ብቻውን መቶ ዓመት የሚዘከርበት ግቢ ክብር ይገባዋል።

የመጨረሻው «እሳታቸው እንደ ደመራ ነው» የሚለው ነው። የግንዱ ክምር ይመሳሰል ይሆናል፤ ሃይማኖታዊ ግን አይደለም። ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ከሚደረገው ጨዋታ በፊት የሚለኮስ ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 1999 ገና እየተሠራ ሳለ ተደርምሶ 12 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ግቢው ውስጥ አይካሄድም። የሚሄድ ልጅ ካለ አደራ፣ በዚህ ጉዳይ እንዳትቀልዱ።