የአእምሮ ጫና በሰውነት ምልክት ሲለካ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስማርት ሰዓት ድሬዳዋ ውስጥም እየተለመደ ነው። ሰዓቱ የሚያሳየውን የጭንቀት ቁጥር አይቶ «ዛሬ ጭንቅላቴ ተወጥሯል» የሚል ሰው አይጠፋም። በዚህ ቁጥር በራስም በሠራተኛም ላይ ከመፍረድ በፊት ግን መስተካከል ያለባቸው ነገሮች አሉ።

«ልቤ ቶሎ ቶሎ ከመታ አእምሮዬ ደክሟል ማለት ነው»

የግድ አይደለም። በድሬ ሙቀት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሰውነት ራሱን ለማቀዝቀዝ ወደ ቆዳ ብዙ ደም ይልካል፤ ልብም ይፈጥናል። በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምቱንም የደም ግፊቱንም ከፍ ያደርግበታል። ቡናም፣ ደረጃ መውጣትም እንዲሁ። ከቀፊራ ገበያ በፀሐይ ተጉዞ ቢሮ የገባ የሒሳብ ሠራተኛ ልቡ ቢፈጥን፣ የቱ ከፀሐዩ የቱ ከሒሳቡ እንደመጣ ምቱ ብቻውን አይናገርም።

ስለዚህ ባለሙያዎች በምት እና በምት መካከል ያለውን ጊዜም ያያሉ። በዕረፍት ላይ ያለ ሰው ልብ እንደ ሰዓት እኩል አይመታም፤ ክፍተቱ በጥቂቱ ይለዋወጣል። አእምሮ ሥራ ሲበዛበት ይህ መለዋወጥ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። እሱም ቢሆን በአተነፋፈስና በንግግር ይዛባል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ያው ሰው በዕረፍት ላይ እያለ ተለክቶ ከራሱ ጋር የሚነጻጸረው። ከጎረቤቱ ጋር ማወዳደር አያስኬድም።

«ሰዓቱ በቀጥታ አእምሮን ያነባል»

አያነብም። አብዛኛው ሰዓት አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ልኮ የደም ፍሰትን ይከታተላል። የቀረው የአምራቹ ስሌት ነው። ኮብልስቶን ላይ ባጃጅ የሚነዳ ሰው እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ልኬቱ ራሱ ሊሳሳት ይችላል።

«ዓይን ስለ ሐሳብ ምንም አያሳይም»

ይሄኛው በጣም ይገርመኛል፤ ምክንያቱም ዓይን ብዙ ያሳያል። በ1966 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካነማን እና ጃክሰን ቢቲ ሰዎች ቁጥሮችን ሰምተው እንዲይዙ አደረጉ። ቁጥር በተጨመረ ቁጥር የዓይን ብሌን እየሰፋ ሄደ። ሰዎቹ የያዙትን መልሰው ሲናገሩ ደግሞ ጠበበ። ችግሩ ለውጡ ትንሽ መሆኑ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ብርሃን ግን ብሌኑን ከ2 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ያጠብበዋል፣ ያሰፋዋል። ከከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ወደ ፀሐይ መውጣት ብቻ የሐሳቡን ምልክት ይውጠዋል። ብርሃኑ ካልተመጠነ ልኬቱ ዋጋ የለውም።

«ሰውነቱ ከተረጋጋ ሥራው ቀሎታል»

የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ጫናው ከአቅም ሲያልፍ ብሌኑ መስፋቱን ሊያቆም ይችላል። ሰውየው ተስፋ ቆርጦ ትቶት ይሆናል። በጅቡቲ መንገድ ለሰዓታት የሚነዳ ሹፌርም ልቡ ተረጋግቶ ሳለ ትኩረቱ ከድቶት ሊሆን ይችላል። አንድ አሠሪ ዝቅተኛ ቁጥር አይቶ ሥራ ቢጨምር ትልቅ በደል ነው።

«መሣሪያ ካለ ሰውየውን መጠየቅ ምን ያደርጋል?»

የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ራሱ ይጠይቃል። ሳንድራ ሃርት እና ሎዌል ስቴቭላንድ በ1988 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት መጠይቅ 6 ነገሮችን ያነሳል፦ የአእምሮ ጫና፣ የአካል ጫና፣ የጊዜ ጥበት፣ ውጤት፣ ጥረት እና ብስጭት። የመጨረሻውን ልብ በሉልኝ። ልብ በብስጭትም በደስታም ይፈጥናል፤ የቱ እንደሆነ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው።